የተቀያሪው ካርድ

ላስቲክ እጁን አጣጥፎ ዓይኔን ይከታተላል። እኔ የማልፈልጋቸውን ካርዶች አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ ጀርባቸውን አያለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ላስቲክ የምንለው ካርዱን ሁሉ በላስቲክ ስለሚሸፍን ነው። እሱ በሌለበት ደግሞ ዋጋው ስለሚለጠጥ ነው እንላለን። እሁድ ጠዋት በጂምናዚየሙ ኮሪደር ጠረጴዛ ዘርግተን የቅርጫት ኳስ ካርዶችና የተፈረመባቸው ማሊያዎች እንለዋወጣለን። ሕጋችን የትም አልተጻፈም፤ የሚፈልገውን ካርድ ቀድሞ የነካ ተበላ።

የመጣሁለት ካርድ በቀኝ ጥግ፣ ማንም ከማይፈልጋቸው ተቀያሪዎች መሃል ተጋድሟል። አልነካሁትም። ደፍሬ ትክ ብዬም አላየሁትም፤ ግን ገና ከበሩ ስገባ አውቄዋለሁ። ማሊያው የሰፋው ቀጭን ልጅ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ኳስ ይጠብቃል። አባቴ ነው።

አባቴ ለአንድ የውድድር ዘመን ተጫውቷል፣ መጫወት ከተባለ። ከተቀያሪዎች ወንበር ሳይነሳ ነው ዘመኑ ያለቀው። በዚያ ዓመት አንድ የብስኩት ፋብሪካ የቡድኑን ተጫዋቾች ካርድ በየፓኬቱ ያስገባ ነበር። ልጆች የአምበሉን ትራሳቸው ሥር አስቀመጡ። የተቀያሪዎቹን የብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ ሰክተው እያንጣጡ ጨረሷቸው። ለዚህ ነው የአምበሉ ካርድ ሞልቶ የአባቴ የጠፋው። እሱ ራሱ እንኳ የለውም። እኔ መሰብሰብ የጀመርኩት ያንን ካርድ ስፈልግ ነው፤ ሌላው ሁሉ በመንገድ ላይ የተገኘ ነው።

«እህቴ፣ ዛሬ ዓይንሽ ውስጥ የገባ ነገር የለም?»

«የረባ ነገር አላመጣህም።»

«እሺ አንቺ ምን ይዘሻል?»

ቦርሳዬን ከፍቼ የአምበሉን ካርድ አስቀምጣለሁ፤ ያውም የፈረመበትን። ላስቲክ የታጠፈ እጁን ይፈታል። ካርዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብለዋል፤ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ እንዴት እንደሰረገ ይመረምራል። ቀድሞ የነካው እሱ ሆነ።

«ከጠረጴዛው ላይ ደስ ያለሽን ሁለት ምረጪ።»

«አራት።»

«ሦስት። ደሜን መጠጥሽው እኮ።»

እንዳልረካ ሰው እተነፍሳለሁ። ሁለቱን ከግራ በኩል፣ እንዲያው ለወጉ አነሳለሁ። ለሦስተኛው እጄ ወደ ቀኙ ጥግ ሲሄድ ከኋላዬ የማውቀው ሳል ይሰማል። አባቴን ኮሪደሩ ጫፍ ያሉትን ማሊያዎች ሲያይ ነበር የተውኩት። ለምን እንዳመጣሁት አልነገርኩትም።

«ይሄን ልትሰጪው ነው?» ይላል የአምበሉን ካርድ በላስቲክ እጅ አይቶ። «የፈረመበትን? ልጄ፣ ጤና የለሽም እንዴ?»

«አባዬ፣ ማሊያዎቹን አይተህ ጨረስክ?»

«ማሊያ ያው ማሊያ ነው።»

መነጽሩን ከግንባሩ ያወርዳል። እጄ የሚሄድበትን አይቶ ጎንበስ ይላል። ጣቱ ከእኔ ጣት ቀድሞ ካርዱ ላይ ያርፋል።

«እንዴ» ይላል ቀስ ብሎ። «ፀጉር ነበረኝ።»

ላስቲክ ካርዱን ያያል፣ አባቴን ያያል፣ እንደገና ካርዱን። ከዚያ ያነሳኋቸውን ሁለት ካርዶች ከፊቴ ሰብስቦ ወደ ራሱ ይጎትታቸዋል።

«ሒሳቡ ተቀየረ፣ እህቴ። አምበሉ በአባባ፣ አንድ ለአንድ።»

«ይሄ ሰው ያሾፋል እንዴ?» አባቴ ወደ እኔ ይዞራል። «እኔ እኮ አንዲት ነጥብ አላገባሁም። ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።»

«አባባ፣ የእርስዎን ሌላ የት ታገኛለች?»

«ብስክሌት ላይ።»

እጄን ለላስቲክ እዘረጋለሁ። እዚህ ከተጨባበጡ በኋላ መመለስ የለም፤ አባቴ ይህን አያውቅም፣ ግን ክንዴን ይይዘኛል።

«ተይ። ማታ ቤት ስትገቢ ይቆጭሻል።»

«አምበሉን በሌላ እሁድ አገኘዋለሁ» እለዋለሁ። «አንተ ግን ያለኸው እዚህ ብቻ ነው።»

አባቴ ክንዴን ይለቃል። ከላስቲክ ጋር እንጨባበጣለን።

ካርዱን ከሽፋኑ አወጣለሁ። ማርከሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ክዳኑን ስነቅል ላስቲክ ከወንበሩ ይነሳል።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ይፈርምበታል።»

«ተቀያሪ? ፊርማውን ማን ያውቀዋል? እንደ ተጫረ ካርድ ነው የሚቆጠረው። ዋጋው ይወድቃል።»

«ይውደቅ።»

ላስቲክ ራሱን እየነቀነቀ ጠረጴዛውን በእጅጌው ይወለውላል፣ ለካርዱ ንጹሕ ቦታ ይሠራለታል። «ፊትዎ ላይ እንዳይሆን፣ አባባ። ከደረት በታች ያድርጉት። ሲጨርሱ ደግሞ ሳይደርቅ አይንኩት።»

አባቴ ማርከሩን ይቀበለኛል።

«ከባንክ በቀር ፊርማ የጠየቀኝ የለም» ይላል።

ወንበር ስቤ አቀርብለታለሁ፤ አይቀመጥም። ወገቡን ያቀናል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ካርዱን በሁለት ጣቶቹ ጠርዝ ጠርዙን ይይዛል። የማርከሩ ጫፍ ካርዱን ሊነካ ሲል ይቆማል። ቀና ብሎ ያየኛል፤ አምበሉ ከጨዋታ በኋላ አጥሩን ተደግፎ የሚጠብቀውን ሰው በሚያይበት ዓይን።

«ለማን ልበለው?»

ላስቲክ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ራሱ ያወጣልኝን ስም ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ፤ እሱም ገና ዛሬ እንደሰማው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል።