የክረምቱ የመጨረሻ ተውኔት

ደሴ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት በዚያ ክረምት በየቅዳሜው አዲስ ተውኔት ታሳይ ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ሚስቱን ደስ ይበላት ብሎ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። መብራቱ ገና ከመጥፋቱ ግን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እሷም አትቀሰቅሰውም ነበር።

የመጨረሻው ተውኔት የታየ ዕለት ግን ዓይኑ አልተከደነም። መድረኩ ላይ ያለው ባል ሚስቱ ወሬ በጀመረች ቁጥር ሬዲዮኑን ጮክ ያደርገዋል። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ስትቆም ደግሞ "ዞር በይ እስቲ፣ ጋዜጣውን ጋረድሽብኝ" ይላታል።

መምህሩ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ።

"እንዲህ ያለ ደንቆሮ ባል አለ?"

"አለ እንጂ" አለችው።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለች? ለምን ጥላው አትሄድም?"

"ትወደው ይሆናላ።"

"ሞኝ ናት። እኔ ይህን ተውኔት ብጽፈው ኖሮ ሻንጣዋን አስይዤ ነበር የማስወጣት።"

ሚስቱ ጥቂት አሰበችና "እሱስ ጥሩ ሐሳብ ነው" አለችው።

ተውኔቱ አልቆ ጭብጨባው ሲደምቅ አዘጋጁ መድረክ ላይ ወጣ። "አሁን ደግሞ ደራሲያችንን ወደዚህ እንጋብዝ" አለ። መምህሩ እያጨበጨበ፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ ለማየት አንገቱን አሰገገ።

ሚስቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። የእጅ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና "አንዴ አሳልፈኝ" አለችው።