ያልታጠበ እጅ

እያለከለክሁ የሕክምና ክፍሉን በር ስገፋ ባሌ ሳሃል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ በቀበቶ ተይዞ፣ የጫት ፎቶ እያየ ነው። ሲስተር እሌኒ የጫት ሱሱን በማግኔት የሚያክመውን ማሽን ከማስነሣቷ በፊት ሁልጊዜ ታሳየዋለች። ሐራራው መጀመሪያ መቀስቀስ አለበት፤ ማግኔቱ አንጎሉ ላይ ደህና የሚሠራው ያኔ ነው ትላለች።

"አዴር፣ ከዜሮ እስከ አስር ስንት አማረዎት?" እሌኒ የጅግጅጋ ልጅ ናት፤ እሱን አዴር፣ እኔን ኤዶ እያለች በእኛው በሶማሊኛ አጎትና አክስት አድርጋናለች።

"አንድ። ፎቶ አይቃምም፣ ልጄ።"

ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲሁ ብሏል። እዚህ አንድ ይልና ቤት ሲገባ ግድግዳ ይቧጥጣል። ዛሬ አሥረኛው ነው፤ ለውጥ ካልታየ ሐኪሙ ሕክምናውን ሊያቆመው ነው። ሃያ ዓመት ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በደወሌ መንገድ ከባድ መኪና ነድቷል፤ አምና ምርቃናው ሲለቀው መሪው ላይ አንቀላፍቶ ከመንገድ ከወጣ ወዲህ ግን ቁልፍ የሚሰጠው ጠፋ። ለምኜ እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጫት ሻጯ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ቤታችንን ያቆመውም ያጎበጠውም ያው ቅጠል ነው።

ሌላ ቀን ስመጣ እንዳላስጎመጀው እጄን በሎሚና በሳሙና ፈትጌ፣ ልብሴን ቀይሬ ነው። ዛሬ ከአወዳይ የሚመጣው የጫት መኪና ዘግይቶ ገባና ጫቱን በየዙርባው አስሬ ሳልጨርስ ሰዓቱ ደረሰ። እንዳለሁ ሮጬ መጣሁ።

ሳሃል ፎቶውን ትቶ ወደ እኔ ያያል። አፍንጫው ይነፋል፤ በቀበቶው እንደተያዘ ወደ እጄ ይንጠራራል።

"ወላሂ ረሳሁት፤ ታጥቤ ልምጣ" ብዬ እጄን ሻሼ ሥር እደብቃለሁ።

"ኤዶ ሀሊሞ፣ የት ነው የሚሄዱት?" እሌኒ ክንዴን ትይዛለች። "አዴር፣ አሁንስ?"

"ዘጠኝ።" ድምፁ ይሰባበራል።

እሌኒ እጄን ከሻሹ አውጥታ ታሸታለች። "ለካ ይህን ሁሉ ቀን ሕክምናዬን በሎሚ ሲያጥቡብኝ የከረሙት እርስዎ ነዎት" ትላለች እየሳቀች። "እሾህን በእሾህ ነው፣ ኤዶ። አፍንጫው ሥር ይያዙለት።"

ጠክ ጠክ ጠክ። ማሽኑ ግንባሩን ይቆረቁራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይቆረቁራል። ላብ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ይህን ሰው ከነጉዱ እወደዋለሁ። ክንዴ ይደነዝዛል፤ ግን አላወርደውም።

ማሽኑ ዝም ይላል።

"አዴር፣ ስንት?"

ሳሃል እጄን በሁለት እጁ ይዞ ያሸታል፤ ቆይቶ ደግሞ ያሸታል።

"አራት" ይላል። "አራት ትሆናለች።"

እሌኒ ትጽፍና ቀበቶውን ትፈታለታለች። "ሐኪሙን እኔ አናግረዋለሁ። ነገም ሳይታጠቡ ይምጡ፣ ኤዶ።"

ደረጃውን እንወርዳለን። ስንት ዓመት ይህን እጅ ዘርግቼለታለሁ፤ ዙርባውን ይቀበልና ይሄዳል፤ እጄ ባዶውን ይመለሳል።

መንገድ ላይ ሌላ የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ሳሃል ቀና ብሎ እስኪርቅ ድረስ ያየዋል። እጄን ግን አልለቀቀም።