ከመኪናው ሥር

የሞተሩን ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ባለፈው ሳምንት ልጅቱ በገዛ እጇ ቀይራዋለች። ዛሬ ጠዋትም ከአባቷ አሮጌ መኪና ሥር ዘይት ተኝቷል።

«ኢንጂነሯ! አንድ የጎማ ቀለበት መቀየር አቃተሽ?» አለ አባቷ። «ነገ ለዘመዳችን ሠርግ ፍቼ ድረስ ራሴ ነድቼ ነው የምሄደው።»

«አውቶቡስ ምን አለው?» አለች እናቷ ከበሩ ላይ።

«አንቺ ዝም በይ!»

ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ መኪናው ሥር ገባች። «አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ!»

አባቷ መሬቱን ዳበሰ፤ አንዱን መፍቻ አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋና አገላብጦ ሰጣት። አሥራ ሰባት ቁጥር ነው።

«አሥራ ሁለት አልኩህ እኮ! አይታይህም?»

አባቷ ዓይኖቹን አሻሸ።

መፍቻውን ወርውራ የጎማውን ቀለበት ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው፤ አንድ ጠብታ የለውም። ግራ ገብቷት መሬት ላይ ያለውን ዘይት ነካች። የሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ ይሄ ግን ቢጫ ነው። አሸተተችው። ትናንት እናቷ የጠበሰችው ዓሣ ሸተታት።

ከመኪናው ሥር አንገቷን አውጥታ የወረወረችውን መፍቻ አየች፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። እናቷ ዓይኗን ሰበረች።

«እህ? ተሠራ?» አለ አባቷ።

«አልተሠራም» አለች የተናደደች መስላ እጇን እየጠረገች። «አሁንም ያፈሳል። በአውቶቡስ ሂዱ።»