የውጭ ወይን የጠፋ ጊዜ

«አባትሽ እንደሆኑ ያገር ቤት ወይን ካፋቸው አያደርሱም። ታዲያ ሽማግሌ ባዶ እጁን ይሂድ?» ይላታል ፍቅረኛዋ፣ መቼ ነው የምትልከው ባለችው ቁጥር። አልዋሸም፤ ኮሮና ገብቶ ጭነት ከቆመ ወዲህ የውጭ ወይን ከየሱቁ ድራሹ ጠፍቷል። ቢቸግራት ራሷ ልትፈልግ ወጣች፤ ሙሽራዋም እሷ፣ ወይን አሳዳጇም እሷ።

ሁለቱንም የሚያውቋቸው የሱ ሰፈር ባለሱቅ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ሳቁባት።

«ምነው ልጄ፣ ሁለቱ ጠርሙስ አልበቃ አለ? ለሱ ብዬ ደብቄ ያቆየሁትን እሁድ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጥቶ ወሰደ እኮ። ማታ ደግሞ ‹እሺ ተባልን› ብሎ ደወለልኝ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

እሁድ እሷ ከአባቷ ጋር ካርታ ስትጫወት ነው የዋለችው፤ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።