ስፖንጅ መሃል የሚያወራው ልጅ

«እሺ ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ?»

ልጅቷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና «እሰማለሁ» ትላለች። የተቀመጠችው በአባቷ መጋዘን፣ እስከ ጣሪያው በተደረደረ የፍራሽ ስፖንጅ መሃል ነው። እዚህ ድምፅ አይዘልቅም። ከግድግዳው ወዲያ አባቷ ስፖንጅ በማሽን ይቆርጣል፤ እሷ ጋ የሚደርሰው ግን ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ቀጭን እምምታ ብቻ ነው። የመስኮቱ ብርሃን በስፖንጁ መሃል ሲያልፍ ቢጫ ሆኖ ይመጣና እጆቿን፣ ጉልበቷን፣ አየሩን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል።

ኔትወርኩ ለምስል ስለማይበቃ ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። አማካሪዋ ሩቅ ከተማ ሆና፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ላልደረሰላቸው ወጣቶች በስልክ ትደውላለች። ቁጥሯን ያስመዘገበችላት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ሲም ካርዱ ግን የወጣው በታላቅ ወንድሟ ስም ስለሆነ መዝገቡ ላይ የሰፈረው የእሱ ስም ነው፤ የልጅቷም ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጎርናና ነው። የመጀመሪያው ቀን አማካሪዋ የወንድሟን ስም ጠርታ «እንዴት ነህ?» አለቻት። ልታርማት አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ግን «ደክሞኛል» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚያወራው ልጁ ነው። ደግነቱ «እኔ» እያለ የሚያወራ ሰው ወንድ ይሁን ሴት አያስታውቅም። ልጁ ልቡ ያለ ምክንያት እንደሚደልቅ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ደርሶ እንደሚመለስ፣ የበላው ሁሉ ገለባ ገለባ እንደሚለው አንድም ሳያስቀር ተናግሯል። ልጅቷ ብትሆን አንዱም አይወጣትም ነበር። ለእሷ ሕመም ሰው ሁሉ መልስ አለው። አክስቷ «ስንፍና ነው» ትላለች፤ ጎረቤት «ስታገባ ይለቃታል» ይላል። አባቷ ደግሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እያስተኛ የገዛ ልጁ እንቅልፍ ማጣቷ ግራ ቢገባው፣ ምንም ሳይናገር በየጊዜው ፍራሽ ይቀይርላታል።

«አንድ ነገር አስቤልህ ነበር» ትላለች አማካሪዋ። «እንዳንተ ያሉ ወንዶች ልጆች በስልክ የሚገናኙበት ቡድን አለን። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እዚያ ትገባለህ። ይጠቅምሃል።»

«ከእርስዎ ጋርስ?»

«የኔን ሰዓት ወረፋ ለሚጠብቅ ለሌላ ልጅ እንሰጠዋለን።»

ልጅቷ ቀና ብላ ትቀመጣለች። ወንዶቹ መሃል አትገባ ነገር። እውነቱን ብትናገር ደግሞ፣ ይህን ያህል ጊዜ የዋሸን ሰው ከእንግዲህ ማን ያምነዋል? በዚህ ዓለም ላይ ያላት አንድ ጆሮ ይህ ነው፤ እሱም ሊዘጋ ነው።

«ምን ይመስልሃል?»

«እያሰብኩ ነው።»

«አስብበት፣ ግድ የለም። እስከዚያ ስለ ሌሊቱ ንገረኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ለራስህ ምን ትላለህ?»

ልጅቷ ጋደም ትላለች። ስፖንጁ ቀስ እያለ ይውጣታል። ወለሉ ከታች የሆነ ቦታ ነው፣ ሩቅ፤ ሰውነቷ የማን እንደሆነ እስኪጠፋት ድረስ ይቀላል። ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች።

«‹አንቺ የማትረቢ› እላለሁ። ‹ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ አንቺ ምን ጎድሎሽ ነው? ባትኖሪስ ማን ልብ ይልሻል?› እላለሁ።»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አማካሪዋም ሰምታዋለች።

«አንቺ የሚልህ ማነው?»

«እኔው ነኝ።» ልጅቷ ዓይኗን ትገልጣለች። «ሲሙ የወንድሜ ነው። እኔ ሴት ነኝ። ልነግርዎት ነበር፣ ግን ረፈደብኝ።»

እንባዋ ይወርዳል፤ ስፖንጅ ነውና ከሥር ከሥሩ ይመጥጠዋል። ስልኩ እስኪዘጋ ትጠብቃለች።

«ልቡ የሚደልቀው ልጅ፣» ትላለች አማካሪዋ ቀስ ብላ፣ «ከትምህርት ቤት በር የሚመለሰው፣ እሱ የነገረኝ ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምኑን ዋሸሽኝ? የተሳሳተው የኔ ጆሮ ነው። ቡድኑ ይቅር፤ ሰዓታችን እንዳለ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር በቀጥታ መልሺልኝ። ‹ባትኖሪ› ስትዪ፣ በራስሽ ላይ አንድ ነገር ልታደርጊ አስበሽ ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ልጅቷ ውስጧን ትፈትሻለች፣ በሐቅ።

«አይደለም። መተኛት ነው የምፈልገው። ሳልሰደብ መተኛት።»

«አመንኩሽ። ነገ ጠዋት እደውልልሻለሁ፤ ሳምንቱን አልጠብቅም። ከቤት ደግሞ አንድ የምታምኚውን ሰው እንጨምራለን። አሁን የት ነሽ?»

«የአባቴ ስፖንጅ ላይ።»

«ይመቻል?»

«ይመቻል።»

«በይ እንግዲያው ተኚ። እኔ አልዘጋም።»

ተኚ። የራሷ «አንቺ» ሁልጊዜ ዱላ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው የመጣው ባዶ እጁን ነው። ልጅቷ ስልኩን ጉንጯ ሥር ታደርገዋለች። የሴትዮዋ ትንፋሽ ይሰማታል፣ ከዚያ ትንፋሹ የማሽኑ እምምታ ይሆናል፣ እምምታውም ብርሃን ይሆናል፤ ቢጫው እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄዳል።

የማሽኑ ድምፅ የሆነ ጊዜ ላይ ይቆማል። በሩ ይከፈታል። አንድ ደንበኛ ጮክ ብሎ «ያ ወፍራሙ ጥሩ ነው፣ እሱን አውርድልኝ» ሲል እንደ ሕልም ይሰማታል። የአባቷ እርምጃ ወደ እሷ ይመጣል፤ አጠገቧ ሲደርስ ይቆማል። ብዙ ይቆያል።

«ይሄኛው ተይዟል» ይላል አባቷ፣ በሹክሹክታ።