የደበዘዘው ስክሪን

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ግን ኮምፒውተሩ ከዳው። ስክሪኑ ቀን በቀን እየደበዘዘ ፊደል ያሳስተው ጀመር፤ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ጎረቤቱ ወዳለው ሌላ ጸሐፊ ሄዱ።

“አዲስ በዱቤ ግዛና ተገላገል” ትለዋለች ሚስቱ።

ለእሱ ደግሞ ዱቤ ሞት ነው። ልግዛ፣ አልግዛ ሲል ሁለት ወር ከረመ። በመጨረሻ የሚስቱ ወንድም ይርጋ፣ “ዋስ እሆንሃለሁ፤ አንተ ብቻ ሥራህን ሥራ” ብሎ እየጎተተ ሱቅ ወሰደው።

ሻጯ አዲሱን ኮምፒውተር ከካርቶኑ አውጥታ ከፈተችለት። ይርጋ የዋስትናውን ወረቀት ሊፈርም እስክሪብቶ አንስቷል። ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ እንደገና ተጠጋ።

“ይሄም እንደዚያኛው ጭጋግ ነው። እስቲ ብርሃኑን ጨምሪልኝ፣ የኔ ልጅ።”

ጨመረችለት።

“ትንሽ ድገሚኝ።”

“ጋሼ፣ መጨረሻው ይሄ ነው” አለች ልጅቷ፣ ከስክሪኑ ድምቀት የተነሳ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች።

ይርጋ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።