አንዴ ይውጡልኝ

«ጋሽ አባይነህ፣ የደረጃውን ንድፍ እንዴት አዩት?» አለች ፈቲያ፣ ፊቷን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ስክሪን መልሳ።

«መልካም ነው» አሉ ሽማግሌው ከስክሪኑ ውስጥ። ወዲያው ድምፃቸውን ዘጉ።

ጠረጴዛውን ከበው አዲስ ክሊኒክ የሚነድፉት ባለሙያዎች ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቢሯቸው ድረስ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ብቻ ይሰማ ነበር። የቢሮው ባለቤት ዳኒኤል እጁን ሰደደና የክፍሉን ማይክ አጠፋ።

«ፈቲያ፣ ሁለት ወር ታገስኩ። እዚህ ሲሠሩ አንድ መስመር ያለ እሳቸው ክርክር አያልፍም ነበር። አሁን ‹መልካም ነው› ብቻ። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ቢሮ ይግባ።»

«ሁሉም» ማን እንደሆነ ለማንም አልጠፋውም። ሌሎቹ ከቤትም ከቢሮም እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ ቢጠሩ ይመጣሉ። ጋሽ አባይነህ ግን እዚሁ አጠገብ ካለው እሪ በከንቱ ወደ ከተማዋ ጫፍ ከተዛወሩ ወዲህ ጉልበታቸው የታክሲ ግፊያ አይችልም። በየቀኑ ይምጡ ከተባሉ ሥራቸውን ይለቃሉ። ከቤታቸው ይሥሩ ብላ የተሟገተችላቸው ፈቲያ ናት፤ ቃሏን ያስያዘችውም እሷው።

«ይህ ስብሰባ ይለቅ» አለች። «ከዚያ ትወስናለህ።»

ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፎች ሁሉ ቆልፈዋል። እጆቻቸው ተደራርበዋል፤ ጀርባቸው ወንበሩን አልነካም። ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። ሰርግ ቤት ገብቶ «ወዲህ ይቀመጡ» የሚለው ያጣ ሰው አቀማመጥ ነው።

ዛሬ እንዴት ነበር የገቡት? ስክሪኑ ጥግ ላይ ፊታቸው ብቅ አለ፤ ሙኒር ስለ ኳስ እያወራ ነበር፤ ማንም ቀና አላለም። ዱሮ ግን በሩ ሲከፈት ሁሉም ብድግ ይላል፣ እሳቸው ይቆጣሉ፣ ከዚያ እጅ በእጅ እየጨበጡ ጠረጴዛውን ይዞራሉ። አንዱን ስለ እናቱ ጤና ይጠይቁታል፣ የሌላውን ወረቀት አንስተው ያያሉ። ወንበራቸው ጋ ሲደርሱ የስብሰባው ግማሽ አልቋል። ያ ዙር ቀርቷል። ተነሥቶ ላልተቀበላቸው ሰው ደግሞ ምክር አይሰጡም።

ፈቲያ ማይኩን መልሳ ከፈተች።

«ጋሽ አባይነህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ይውጡልኝ።»

እየሩስ እርሳሷን ጣለች።

«ልውጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይውጡና ተመልሰው ይግቡልኝ።»

ለአፍታ አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ፊታቸው ከስክሪኑ ጠፋ።

«አንቺን ከሳቸው ለማስታረቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል» አለ ሙኒር። «ያለንን አንድ ሽማግሌ ደግሞ አሁን አስወጣሽው።»

«ሲገቡ እንነሳለን።»

«ለቴሌቪዥን?»

«ለሰውየው።»

ስክሪኑ ባዶ ነው። ዳኒኤል በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። ባይመለሱ ሰኞን መጠበቅም እንደማያስፈልግ ፈቲያ ታውቃለች፤ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ሽማግሌው ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። ምን እንደተጠየቁ የገባቸው እንደሆነ ግን ይመለሳሉ።

ፊታቸው ብቅ አለ። ወንበሮች ተንቋቁ፤ ሁሉም ተነሣ፤ ዳኒኤልም ሳያውቀው ተነሣ።

«ኖር፣ ጋሼ።»

ጋሽ አባይነህ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አስጠግተው አጣርተው ለማየት ሞከሩ።

«የማየው ቀበቶ ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንገታችሁ የት ሄደ? ይሄ የተጣመመው ያንተ ነው፣ ሙኒር።»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«በእግዜር። በሉ ተቀመጡ፣ ልጆቼ።» የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። «እየሩስ፣ እናትሽ እንዴት ሆኑ?»

«ተሽሏቸዋል፣ ጋሼ።»

«ተመስገን። የተመላላሽ ክፍሉን በር ወደ ውስጥ ክፈቺው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመታል። ሙኒር፣ ደረጃህ እጥፋቱ ላይ ጠቧል። ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎች እንዴት ይዞራሉ?»

«በሽተኛው ወርዶ በእግሩ ይዞራል፣ ጋሼ።»

«በእግሩ ከዞረማ ድኗል። ክሊኒኩን ለማን እንሠራለን?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ድምፃቸውንም አልዘጉም።

«ቦታው እኮ አይበቃም፣ ጋሽ አባይነህ» አለ ዳኒኤል። «ግድግዳውን ከገፋን...»

«ቆይ፣ ዳኒ። ልጁ ያስብበት።»

ዳኒኤል ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። ፈቲያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሰኞስ?»

«ሰኞን ተይው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። «እስኪ ልስማቸው።»

ጋሽ አባይነህ ክርክር ሲጥማቸው ተቀምጠው አይናገሩም። ብድግ አሉ። ራሳቸው ከስክሪኑ ወጣ፤ የቀረው ኮታቸው፣ ከኮቱ በታች የሌሊት ሱሪያቸው፣ እና የቃሬዛ እጀታ እንደጨበጡ ወደ ፊት የተዘረጉት ሁለት እጆቻቸው ናቸው።

«ያዝ» አሉ።

ሙኒር ተነሣ። እጆቹን ወደ ኋላ ሰድዶ ጣቶቹን ጨበጠ። አንዱ ከከተማው ጫፍ፣ አንዱ ከጊዮርጊስ ሥር፣ የማይታየውን በሽተኛ ተሸክመው፣ ግድግዳ እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ መዞር ጀመሩ።